በርበሬው ውስጥ ሸክላ የለም

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላደገ ሰው ሴራሚክ ማለት የሻወር ቤት ወለል ነው። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ አሁን ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ብሆንም እኔም ከዚያ አልፌ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ አምፖል እናቴን ከደንበኞቿ እስኪያጣላት ድረስ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። እናቴ በርበሬ አዘጋጅታ ቤት ውስጥ ትሸጣለች። ሰፈራችን ከመሃል ከተማ ስለሚርቅ ሰው ከስራ የሚገባው መሽቶ ነው፤ ገበያዋም ማታ ነው። ባለፈው ዓመት «ቆጣቢ» የምንለው ጥምዝ አምፖል ሲቃጠል ርካሽ ነጭ ኤልኢዲ ገዝቼ ሰቀልኩላት። ቤቱ ቦግ አለ። መረቀችኝ።

ከሳምንታት በኋላ አንዲት የቆየች ደንበኛ በርበሬውን በማንኪያ አገላብጣ አየችና «እትዬ፣ ዘንድሮ ምነው ጠቆረብዎት?» አለች። ሳትገዛ ወጣች። ሌላዋ ደግሞ ጎረቤት ቤት «ሸክላ ሳይቀላቀልበት አይቀርም» ማለቷን ሰማን። በርበሬ ላይ የተፈጨ ሸክላ ይጨመራል የሚለውን ወሬ የማያውቅ የለም። ዛላውን አንድ በአንድ ስትቀነጥስ ለምትውል ሴት ግን ይሄ ወሬ አይደለም፣ ስድብ ነው።

እኔ ምን አደረግኩ? የስልኬን መብራት አብርቼ በርበሬውን አየሁት። እውነትም ወደ ቡናማ ያደላል። «እማዬ፣ ወፍጮ ቤት ቀይረውብሽ እንዳይሆን?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «አንተም?» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በነጋታው ጠዋት በረንዳ ላይ ሳየው በርበሬው እሳት የመሰለ ቀይ ነው። ባጉ ዳታው ላይ ሳይሆን ስክሪኑ ላይ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ውስጥ ያለው ቺፕ የሚያወጣው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ይህን ሰማያዊ ላስገኙት ለአካሳኪ፣ ለአማኖና ለናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሰጥቷቸዋል። ነጭ የሚያደርገው ግን ቺፑ ላይ የተቀባው ቢጫ ዱቄት ነው፤ የተቃጠለ አምፖል ብትከፍቱ ቢጫ ነጠብጣቦቹን ታያላችሁ። ዱቄቱ ሴራሚክ ነው። የይትሪየምና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ተቀላቅሎ 1500 ዲግሪ ገደማ ላይ ይተኮሳል። ብቻውን ቢጫ ብርሃን አይሰጥም። ከመቶ የይትሪየም አቶሞች ጥቂቶቹ በሴሪየም ሲተኩ ነው የሚያበራው፤ እንደ ወጥ ጨው በሉት። ሴሪየሙ ከሰማያዊው የተወሰነውን ውጦ ቢጫ አድርጎ ይመልሰዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ዓይናችን «ነጭ» ይላል።

ችግሩ፣ እዚህ ነጭ ውስጥ ደማቅ ቀይ በጣም ጥቂት ነው። በርበሬ ቀይ የሚመስለው የመጣለትን ቀይ ብርሃን ስለሚመልስ ነው። ካልመጣለት ምን ይመልሳል? የስልኬ መብራትም ያው ዘር ስለሆነ ያንኑ ውሸት ደገመልኝ። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» በሆነ ሰፈር ቀይ ጠፍቶን ከረመ።

ቀዩን ለማምጣት ሌላ ዱቄት ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ዩሮፒየም የተጨመረበት ነው። ያ የተቃጠለው ጥምዝ አምፖልም ቀዩን ያገኝ የነበረው ከዩሮፒየም ነው። ኤልኢዲ ላይ ግን ቀዩ ዱቄት ዋጋ ይጨምራል፣ በዋት የሚገኘውን ብርሃንም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ርካሽ አምፖል ላይ ይቆጠባል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሲአርአይ የሚባለው የቀለም ነጥብም ሁልጊዜ አያድንም፤ የሚሰላው ፈዘዝ ባሉ 8 ቀለሞች ነው። ደማቁ ቀይ አር9 ተብሎ ለብቻው ነው የሚለካው።

መርካቶ ዞሬ ዞሬ ሲአርአዩ ከ90 በላይ የሆነ፣ ሞቅ ያለ ብርሃን የሚሰጥ አምፖል አገኘሁና ሰቀልኩት። እናቴ ሳህኑን አስጠግታ አየች። «ሸክላው አምፖሉ ውስጥ ነው ያለው እኮ» ብዬ ስለ ሴሪየም ላስረዳት ጀመርኩ።

«እኔ በርበሬዬን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ማስረጃ የፈለግከው አንተ ነህ።»

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ተመልሳለች። ሁለተኛዋ እስካሁን አልመጣችም። እኔም ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ስለ አምፖሉ ሳይሆን ስለዚያች የወፍጮ ቤት ጥያቄ።