የእሑድ መኪና በሰኞ

ስለ አንዲት አሮጌ መኪና በዚህ መጽሔት ብንጽፍ፥ «ቁም ነገር ጠፍቶ ነውን?» የሚሉን አንባቢዎች እንደማይታጡ እናውቃለን። ነገር ግን ጉዳዩ የመኪና ብቻ አይደለም፤ ፈርመን የሰጠነው ቃል ጉዳይ ነው። ስለዚህ ባለፈው የትምህርት ዓመት ያደረግነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ ለጓደኞቻችን ልንነግር ወደድን።

«እኛ» የምንለው ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እኅት። የምንማረው በአሜሪካ፥ በቨርጂኒያ፥ ከዋሽንግተን ከተማ በፖቶማክ ወንዝ ማዶ ነው። የምንኖረውም በአጎታችን ቤት ነው። ጋሼ በዚህ አካባቢ እንዳሉት እንደ ብዙዎቹ ያገራችን ሰዎች ለረጅም ዘመን ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሻንጣ ሲጭኑና ሲያወርዱ ይሰነብቱና፥ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፥ ነጭ ሸሚዛቸውን እንደ ለበሱ፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1973 ሥሪት የሆነችውን ቮልስዋገናቸውን ከማደሪያዋ ያወጧት ነበር። በልጅነታቸው አዲስ አበባ ሳሉ የጎረቤት ቮልስ ሲያጥቡ «አንድ ቀን እኔም» ይሉ ነበርና፥ ምኞታቸው የደረሰው ባሕር ከተሻገሩ በኋላ ነው።

ቮልስን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ሞተሯ ከኋላ፥ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነው፤ ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም። ከ1938 አንሥቶ በ2003 የመጨረሻዪቱ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ ተሠራች ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ወጥታለች። ጋሼ ባረፉ፥ አርባቸው በወጣ ማግስት፥ ባለቤታቸው እትዬ ቁልፉን አምጥተው ሰጡን። «ልጆቼ፥ እናንተው ያዟት። ቆማ ሳያት አንጀቴን ትበላዋለች» አሉን።

ሊብሬው በስማችን ሲዞር መጀመሪያ የተማርነው ነገር፥ መኪናዪቱ ብትወረስም ታርጋዋ የማይወረስ መሆኑን ነው። የጋሼ ታርጋ ተራ ታርጋ አልነበረም፤ ለጥንታዊ መኪና የሚሰጥ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ፥ ከተሠራች ቢያንስ 25 ዓመት የሞላትና ባለቤቷ ለቅርስነት ብቻ የያዛት መኪና ይህን ታርጋ ልታገኝ ትችላለች። ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ማሳደስ የለም፤ ሌላው መኪና በየዓመቱ የሚቀርብበት የደኅንነት ምርመራም ይቀርላታል። ይሁን እንጂ ታርጋው የሚጸናው መኪናዪቱ በአመልካቹ ስም እስካለች ድረስ ነው፤ ባለቤት ሲለወጥ ዐዲሱ ባለቤት እንደ ገና ማመልከት አለበት።

ይህን ሁሉ ምሕረት የሚሰጠው ሕግ በምላሹ የሚጠይቀው አለ። በዚህ ታርጋ የምትሄድ መኪና ለዕለት ተዕለት ጉዞ አትሆንም፤ በተለይም ባለቤቷን በየቀኑ ወደ ሥራው ልታመላልስ አይፈቀድላትም። የተፈቀደላት ለማኅበር ስብሰባ፥ ለኤግዚቢሽን፥ ለሰልፍና ይህን ለመሰለ ዝግጅት፤ ለጥገናና ለሙከራ፤ እንዲሁም አልፎ አልፎ ለሽርሽር ነው። ሽርሽሩም ከባለቤቷ ቤት ከ250 ማይል መራቅ የለበትም፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያህል ነው። አመልካቹ ሌላ መኪና ያለው ወይም አዘውትሮ የሚጠቀምበት መሆኑን ያስረዳል፤ ጥንታዊቱም መንገድ ላይ በደኅና ልትነዳ እንደምትችል ያረጋግጣል። ልብ በሉ፤ የሚያረጋግጠው መካኒክ አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ ነው።

እኛ ደግሞ ሌላ መኪና አልነበረንም። እትዬ በየማለዳው ወደ ሥራቸው የሚሄዱባት አንዲት ቶዮታ አለቻቸው፤ እኛ ብንነዳት በወር አንድ ጊዜ ለአስቤዛ ነው። ቅጹን ስንሞላ ግን «አዘውትረን እንጠቀምባታለን» ብለን እሷኑ ጻፍን። እትዬም ስለሚወዱን ዝም አሉ። በመሥሪያ ቤቱ ያለችው ጸሐፊ ወረቀታችንን ተቀብላ፥ ታርጋውን በፈገግታ ሰጠችን።

መጀመሪያ ሰሞን ሕጉን አክብረን ቅዳሜና እሑድ ብቻ እንወጣ ነበር። ትምህርት ሲከፈት ነገር ተበላሸ። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤታችን በአውቶቡስ፥ አንድ ጊዜ ወርደን ሌላ ተሳፍረን፥ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በቮልስ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ሕጉ «ለሙከራ» የሚል ቃል ስላለበት፥ አንድ ማለዳ ሞተሩን እንሞክር ብለን ወጣን፤ ሙከራውም ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አበቃ። ከዚያ ወዲያ ያልሞከርንበት ማለዳ አልነበረም። ሙከራው ሲሰለቸን «ሽርሽር» እንለው ጀመር፤ ሰኞ ጧት ወደ ሒሳብ ክፍል መሄድ ለማን ሽርሽር እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረደው።

ነገሩ በመካከላችን ክርክር አስነሣ። ታላቅ ወንድማችን፥ «በተወለደችበት አገር በጀርመን እንኳ እንዲህ ያለ እገዳ የለም፤ ከ1997 ጀምሮ 30 ዓመት ለሞላት መኪና ልዩ ታርጋ ይሰጣሉ፤ ባለቤቷም በፈለገበት ቀን ወደ ፈለገበት ይነዳታል» አለ። እኅታችንም፥ «ይነዳታል፤ ታርጋው የሚሰጠው ግን ባለሙያ መርምሮ በደኅና መያዟንና የጥንት መልኳን አለመልቀቋን ሲመሰክር ነው፤ ከዚያም በኋላ ምርመራው አይቀርላትም» ብላ መለሰች። እሱም ወደ አገር ቤት ዞረ። «አዲስ አበባ ውስጥ ከእኛ ዕድሜ በላይ የሆናቸው ቮልሶች በየቀኑ ሲሠሩ ይውላሉ፤ ጥንታዊ ናችሁና እረፉ ያላቸው የለም» አለ። እውነቱን ነው። አገራችን መኪና ውድ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅም ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ስለ ጣለ፥ ያለ ሰው ያለውን እየጠገነ ይነዳል። እኅታችን ግን ይህንንም አልተወችለትም፤ «እነሱም ቦሎ ለመለጠፍ በየዓመቱ ይመረመራሉ» አለችው።

እዚህ ላይ ነገሩ ተገለጠልን፤ ብንገለጥለትም አፍረን ዝም አልን። ጀርመኑም አዲስ አበቤውም መኪናውን ያስመረምርና እንደ ልቡ ይነዳል። ጋሼ ደግሞ ሳያስመረምሩ፥ በቃላቸው መሠረት አልፎ አልፎ ይነዱ ነበር። እኛ የፈለግነው ሁለቱንም ነበር፤ ሳናስመረምር በየቀኑ መንዳት። የወለሉ ብረት ዝጎ እንደ ነበረ እናውቃለን፤ ለምርመራ ብናቀርባት የሚጠየቀው የጥገና ዋጋ የአንድ ወር የትርፍ ሰዓት ደመወዛችንን ይበላል ብለን ሰግተናል። በቁጠባ ስም የሸሸነው ያንን ነው።

በኅዳር ወር አንድ ሰኞ ማለዳ ነዳጅ ማደያ ቆመን ሳለ አንድ ፖሊስ ወደ እኛ መጣ። ልባችን ከእግራችን ሥር ወደቀ። እሱ ግን ቮልሷን ዞሮ አይቶ፥ «የስንት ዓመት ሥሪት ናት? አባቴም እንዲህ ያለች ነበረችው» አለን። ነገርነው። ቀጥሎም፥ «ዛሬስ ወዴት ናችሁ?» አለ። ሦስታችንም ባንድ አፍ፥ «ለሽርሽር» አልን። ከኋላ ወንበር ላይ መጻሕፍታችንና የምሳ ዕቃችን ተቆልለው ነበር። ፖሊሱ መጻሕፍቱን አየ፤ እኛን አየ፤ «መልካም ሽርሽር ይሁንላችሁ» ብሎ ሄደ። ቢቀጣን ኖሮ ተናደን እንረሳው ነበር። ባለመቅጣቱ ግን እስከ ትምህርት ቤት ድረስ ማናችንም ቃል አልተነፈስንም።

በዚያው ሳምንት እሑድ፥ ከቅዳሴ መልስ፥ እትዬ ቮልሷ ውስጥ ገብተው በፊት ለፊት ካለው መሳቢያ አንድ ትንሽ ደብተር አወጡ። እኛ የአሮጌ ደረሰኝ መያዣ መስሎን ከፍተነው አናውቅም ነበር። ደብተሩ በጋሼ የእጅ ጽሕፈት በሦስት ዐምድ የተከፈለ ነው፤ ቀን፥ ማይል፥ ምክንያት። «ዘይት ለመለወጥ»፥ «ለጥምቀት በዓል»፥ «ለሰርግ አጀብ»፤ ከሁሉ የበዛው ግን «ለደስታ» የሚለው ነው። ይህን መዝገብ እንዲይዙ ሕግ አላዘዛቸውም፤ የጠየቃቸውም ሰው አልነበረም።

«ጻፉበት እንጂ» አሉን እትዬ። «ጋሼያችሁ አንድ ቀን እንኳ ሳይጽፍ አድሮ አያውቅም።» ከመሪው በስተኋላ ያለውን ቁጥር ሲመለከቱ፥ ጋሼ መጨረሻ ከጻፉት ላይ ከዘጠኝ መቶ ማይል በላይ ተጨምሯል። እትዬ ያንን አይተው ምንም አላሉም፤ ብዕሩን ብቻ ሰጡን። ቀኑንና ማይሉን መጻፍ ቀላል ነበር። ምክንያት ከሚለው ዐምድ ስንደርስ ግን እጃችን ቆመ። ከጋሼ «ለደስታ» በታች የኛን «ሽርሽር» ለመጻፍ ማናችንም አልደፈርንም። ስለዚህ እውነቱን፥ «ለትምህርት ቤት» ብለን ጻፍን። እትዬ አንብበው፥ «እንግዲያስ ለትምህርት ቤት የሚሆን ታርጋ አውጡላት፤ የኔንም መኪና ከወረቀታችሁ ላይ ፋቁ» አሉን።

እንዳሉት አደረግን። የጥንታዊ መኪና ታርጋውን መልሰን ተራ ታርጋ አወጣን፤ መኪናዪቱንም ለምርመራ አቀረብናት። እንደ ፈራነው ወደቀች። የወደቀችበት ምክንያት ግን ያሰብነው የወለል ዝገት ብቻ አልነበረም፤ የፊት ፍሬን የጎማ ቱቦው ተሰነጣጥቆ ሊበጠስ የቀረው ጥቂት ነበር። በደኅና ትነዳለች ብለን ስናረጋግጥ ከሥሯ ጎንበስ ብለን እንኳ አላየንም ነበር። ጥገናው የአንድ ወር ሳይሆን የአንድ ወር ተኩል ደመወዝ ወሰደ፤ እስኪያልቅም ድረስ በአውቶቡስ ተመላለስን።

ጓደኞቻችን፥ ሁላችንም በየቀኑ የምንፈርምበት ወረቀት አለን፤ የመገኛ መዝገብ ነው፥ ፈተና ነው፥ የድጎማ ማመልከቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማንም ከኋላችን ሄዶ አይመረምርም። ያ ታርጋም የሚሰጠው ሰው እንደ ቃሉ ያድራል ተብሎ ነው፤ እንደ እኛ ያለው ሲበዛ ደግሞ ሕጉ ይጠብቃል፤ የሚጎዱትም እንደ ጋሼ ያሉት ናቸው።

ዛሬ ደብተሩ ውስጥ የሚበዛው «ለትምህርት ቤት» የሚለው ነው። እሑድ እሑድ ግን እትዬ አብረውን ስለሚወጡ፥ ብዕሩን ተቀብለው «ለደስታ» ብለው የሚጽፉት እሳቸው ናቸው።