ባርኔጣው አይወልቅም

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ክረምት የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። የአንደኛውን ፎቅ ሶሌታ አርማታ እየሞላን ሳለ በአንዱ ጥግ ፎርምወርኩ ወደ ታች ሰመጠ። ሶሌታውን የተሸከሙት የባህር ዛፍ ቋሚዎች የቆሙት በደንብ ባልተጠቀጠቀ ሙሌት ላይ ነበር፤ ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ አፈሩን አላልቶታል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። አርማታው ግን ሳይደርቅ ተዝቆ ወጣ፣ ፌሮው ተፈትቶ እንደገና ታሰረ።

ማታ ፎርማናችንን «ጋሼ፣ መሬቱ እንደላላ አላዩም ነበር?» አልኳቸው።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ትንሽ ዝም አሉና «ኢንጂነር፣ ባለፈው ስናገር በሠራተኛው ፊት ምን እንዳልከኝ ረሳኸው?» አሉኝ።

አልረሳሁም። ስለ ፌሮው አቀማመጥ አንድ ነገር ሲያነሱ፣ ድሮዊንግ ማንበብ የእኔ ሥራ እንደሆነ ጮክ ብዬ ነግሬያቸው ነበር። የሚያመኝ ደግሞ በዚያ ቀን ልክ የነበርኩት እኔ መሆኔ ነው። ፌሮው ድሮዊንጉ እንደሚለው ነበር የታሰረው። ትክክል ሆኜ ሳለ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይት ላይ የኖሩ ሰው አፋቸውን እንዲይዙ አደረግሁ። በአምስት ዓመት ትምህርቴ ስለ ሞመንት፣ ስለ ሸር፣ ስለ አፈር የመሸከም አቅም ተምሬያለሁ። ስለ ጋሼ ዝምታ ግን አንድም ኮርስ አልነበረኝም።

ሰሞኑን ወጣት መሐንዲሶች «ማስተርሴን በቴክኒኩ ልቀጥል ወይስ የምህንድስና አመራር ልማር?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ያ ምሽት ነው። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ከተማርኩት ሁሉ ያልለቀቀኝ የአንድ ሌሊት ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ፣ የመንኮራኩሯን የቻሌንጀርን ማስወንጨፊያ ሮኬቶች የሠራው የሞርተን ታዮኮል መሐንዲሶች ለናሳ በስልክ ስብሰባ ሐሳባቸውን አቀረቡ፤ ነገ ብርድ ነው፣ አትነሣ አሉ። የሮኬቱን መጋጠሚያዎች የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች ሲበርዳቸው ይደርቃሉ፣ ክፍተቱንም ቶሎ አይዘጉም። ከመሐንዲሶቹ አንዱ ሮጀር ቦይስጆሊ ስለ ቀለበቶቹ አደጋ ከስድስት ወር በፊት ለአለቆቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር። ናሳ ምክሩን በጥያቄ ሲሞግት፣ የኩባንያው ኃላፊዎች ለብቻቸው ሊመክሩ ከስልኩ ወጡ። በዚያ መሃል አንድ ከፍተኛ ኃላፊ የምህንድስናውን ምክትል ፕሬዚዳንት ሮበርት ሉንድን፣ የመሐንዲስነት ባርኔጣህን አውልቀህ የሥራ አስኪያጅነቱን ድፋ አለው። ሉንድ ሐሳቡን ለወጠ። በማግስቱ ቻሌንጀር በተነሣች በ73 ሴኮንዱ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ።

ክፍል ውስጥ የተከራከርነው ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ላይ ነበር። የመረጃ አቀራረብ ምሁሩ ኤድዋርድ ተፍቲ፣ መሐንዲሶቹ በዚያ ሌሊት ያቀረቧቸው ሰንጠረዦች ቅዝቃዜውንና የቀለበቶቹን ጉዳት አገናኝተው አላሳዩም ብሎ ጽፏል። ቦይስጆሊና ባልደረቦቹ ትችቱን አልተቀበሉም፤ መልስም ጻፉ። እኔ ከቦይስጆሊ ጋር ነኝ። አንድ ሰው በጽሑፍም በቃልም አደጋ አለ ካለ፣ የማስረዳቱ ሸክም በእሱ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ሰሚውም ሸክም አለበት። ሉንድ ደግሞ ራሱ መሐንዲስ ነበር። የሚያውቀውን ዕውቀት ለመምራት ሲባል ማውለቅ ይቻላል ብሎ ያመነባት ያች ቅጽበት፣ ለእኔ የዚህ ትምህርት ሁሉ ምክንያት ናት።

ስለዚህ ከሳይት አቧራ ለማምለጥ፣ ወይም ወንበር ፍለጋ ወደዚህ ትምህርት የሚመጣን ሰው ሳይ እጨነቃለሁ። በአሜሪካ ይህን መስክ በገንዘቡም በሐሳቡም ካቆሙት አንዱ በርናርድ ጎርደን ነው። እሱ ራሱ የአናሎግ ምልክትን ወደ ዲጂታል በሚቀይሩ መሣሪያዎች የታወቀ ፈጣሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው ተቋም በኋላ ከተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቀለ። በኤም.አይ.ቲ. እ.ኤ.አ. በ1988 የተጀመረው፣ ዛሬ ሊደርስ ፎር ግሎባል ኦፕሬሽንስ የሚባለው የሁለት ዓመት ፕሮግራም በምህንድስና ማስተርስና በኤም.ቢ.ኤ. ሁለት ዲግሪ ይሰጣል፤ ሆኖም ተማሪውን ለስድስት ወር በአጋር ኩባንያ ውስጥ አስገብቶ ያሠራዋል። ቁም ነገሩ ያ ስድስት ወር ነው። የትም አገር ብትማሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፦ የመመረቂያ ሥራዬ እውነተኛ ሠራተኛ፣ እውነተኛ ቀነ ገደብ አለው ወይ? ከሌለው ገንዘባችሁን አታውጡ። ሁለት ሦስት ዓመት ሳትሠሩም አትግቡ፤ የምታስታውሱት የራሳችሁ ጋሼ ከሌለ ንባቡ ወረቀት ብቻ ይሆንባችኋል።

እኔ ለመመረቂያዬ የመረጥኩት አርማታ ከመሞላቱ በፊት የሚደረገውን ፍተሻ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት ጋሼ ጋ ነው። ቀድሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ «ተወው፣ ልጅ ነበርክ» አሉኝ። ከዚያ የፍተሻውን ቅጽ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩትና «ኮንትራክተሩ ይፈርማል፣ አማካሪው ይፈርማል። ቋሚውን ያቆመው አናጢ የቱ ጋ ነው የሚፈርመው?» አሉ።

ቦታ አልነበረውም። አንድ መስመር ጨመርኩ። በአዲሱ ቅጽ የመጀመሪያው ሙሌት ላይ አናጢው ፈረመ። በሁለተኛው ላይ ሌላ ወጣት አናጢ እስክሪብቶውን መለሰልኝ፤ ከደረጃው ሥር ያሉት ሁለት ቋሚዎች የብሎኬት ስባሪ ላይ ነው የቆሙት አለ። ሄጄ አየሁ፤ እንዳለው ነበር። ነቅለን በጣውላ ላይ አቆምናቸው። በ2 ሰዓት ይጀመር የነበረው ሙሌት በ4 ሰዓት ተጀመረ።