የደምቢ ዶሎው ቄስ ጊዳዳ

ደምቢ ዶሎ ስትነሳ ብዙ ሰው ቡናዋንና ወርቋን ያነሳል። እኔ ትዝ የሚሉኝ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ናቸው። በአካል አላየኋቸውም፤ ስማቸው በሚነሳበት ቤት ግን አድጌአለሁ። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ ትልልቆቹ ስለ እሳቸው ማውራት ይጀምራሉ። እኛ ልጆች ቆሏችንን እየቆረጠምን ጆሯችንን እንሰጣለን። ቡናው በረካ ደርሶ ስኒው ሲታጠብም ወሬው ገና መሃሉ ላይ ነው።

የተወለዱት ከዛሬ መቶ ሃያ ዓመት በፊት ግድም ነው። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን አጠፋው። በዚያ ዘመን ለዓይነ ስውር ልጅ የሚተርፈው ገበያ ዳር ተቀምጦ እጅን መዘርጋት ነበር፤ እሳቸውም ለምነዋል። ይህን ሲያወሩ አንድም ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ አልሰማሁም። ገበያው ላይ ይለምን የነበረው ልጅ ያንኑ አገር የሚያስተምር ቄስ መሆኑ የሰፈሩ ሁሉ ኩራት ነበር።

የሚሲዮኑ ነገር የጀመረው በበሽታ ነው። ኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝ፣ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» የሚለው፣ አገሩን ፈጀው። ሱዳን ውስጥ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ ደምቢ ዶሎ ወዳለችበት ወደ ሳዮ መጣ። የላከው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነበር። አገሬው ግን በረጅሙ ስም አልተጨነቀም፤ «አሜሪካን ሚሲዮን» አለውና ቀረ። ያን ጊዜ የወለጋ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ጋምቤላ ይወርድና በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። ቡናው በሚወርድበት አቅጣጫ መድኃኒትና መጽሐፍ ወጣ።

ጊዳዳ የወንጌሉን ቃል ከሚሲዮኑ የተማሩት በጆሯቸው ነው። ሲነበብላቸው ሰምተው በቃላቸው ይይዙታል፤ የያዙትን ይዘው ደግሞ ለሌላው ይናገራሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሟል፤ አንብብ ቢሉት የሚያነበው የገጠር ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ዓይናማውም ገበሬ፣ ዓይነ ስውሩም ሰባኪ፣ ሁለቱም የሚኖሩት በሚሰሙት ነው። ስለዚህ ጊዳዳ ከሰሚዎቻቸው ያነሰ ነገር አልነበራቸውም። እንደ እነሱው ሰምተው አመኑ፣ በእነሱው ቋንቋ ተናገሩ። ከውጭ የመጣ ሰባኪ ስንት ዓመት ቢማር ይህን አያገኘውም ብዬ አምናለሁ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በጣልያን ወረራ ነው። ሚሲዮናውያኑ አገር ለቀው ሲወጡ ያ ገና ለጋ የነበረ ምእመን በአገሬው ሰዎች እጅ ላይ ወደቀ። ከፊት የቆሙት ቄስ ጊዳዳና ቄስ ማሞ ጮርቃ ናቸው። ከነፃነት በኋላ ፈረንጆቹ ሲመለሱ ይፈርሳል ብለው የፈሩት ሥራ በዝቶና ጠንክሮ ቆያቸው። እኔ የምእራብ ወለጋን የወንጌል ታሪክ ስናገር ከሆስፒታሉም ከትምህርት ቤቱም በፊት የማስቀድመው እነዚያን ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን በራሷ ቆመች፤ በ1974 ደግሞ ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር አንድ ሆነች።

ፕሬስቢቴሪያኖች ያመጡት አንድ ሥርዓት ነበር፤ ቄሱ ብቻውን አይወስንም፣ ምእመኑ ከመረጣቸው ሽማግሌዎች ጋር ይመክራል። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አልሆነም። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነገርን በሽምግልና መጨረስ ድሮም ያውቅበታል። በልጅነቴ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮዋ የዛገ፣ ግድግዳዋ ጭቃ ነበረች። ደወሏ ከዋርካ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመቱት እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። መባ ሲሰበሰብ ሳንቲም ያለው ሳንቲም፣ የሌለው እንቁላል ወይም በቅርጫት በቆሎ ይዞ ይመጣል። እንቁላሉ እንዳይሰበር ቅርጫቱን በሁለት እጃቸው የሚቀበሉት አዛውንት ዛሬም ዓይኔ ላይ አሉ። ቄሳችን በክረምት ጭቃ ቦት ጫማቸውን አድርገው ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ለቅሶ ቤት ያድራሉ። ከስብከታቸው ይልቅ መምጣታቸው ይጠበቅ ነበር። የቄስ ጊዳዳን ፈለግ የተከተሉት እንደዚህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ቄስ ጊዳዳ የሕይወታቸውን ታሪክ በቃል ተርከው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1972 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1977 አረፉ። ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ነሐሴ 1987 ዓ.ም. የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ሲሆኑ፣ የደምቢ ዶሎ ሽማግሌዎች ስለ ቤተ መንግሥቱ ብዙ አላወሩም። «የቄስ ጊዳዳ ልጅ» አሉ፤ ለእነሱ ከሹመቱ የሚበልጠው ያ ነበር። ዶክተር ነጋሶም ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. አረፉ።

አሁን ያቺን የቸርኬ ደወል ድምፅ ማጉያ ተክቷታል። ከቄስ ጊዳዳ አፍ የሰሙት ሰዎች ከዓመት ዓመት እያለቁ ነው። እኛ ቤት ቡና ላይ ይወራ የነበረውን የሚያውቁ ሁለት አክስቶቼ ብቻ ቀርተዋል፤ አንደኛዋም ጆሮዋ ደክሟል። ከቄለም፣ ከሳዮ፣ ከጊዳሚ የወጣችሁ፣ አዲስ አበባም ሆነ ሚኒሶታ የምትኖሩ፦ ቤታችሁ ያለ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ በካሴት የተቀዳ መዝሙር፣ የአባቶቻችሁ ማስታወሻ ደብተር ካለ አውጡት። እናቶቻችሁንና አጎቶቻችሁን ደግሞ አስቀምጣችሁ አስወሩ፣ ስልካችሁም ይቅዳው። በሚቀጥለው ዓመት እንጠይቃቸዋለን አትበሉ።