ፈጢራና አምበሾክ

አምበሾክ! ይህን ቃል ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልለው አልችልም። አዲስ አበባ ጊሽጣ ይለዋል፤ ጊሽጣም ደግ ስም ነው። ግን ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ መሀል ሻጮቹ ስሙን ሲጠሩ እየሰማ ያደገ ልጅ በሌላ ስም አይጥመውም። ጎርበጥባጣውን አረንጓዴ ልጣጭ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ፍርክስ ይላል። ነጩን መጥጠን ጥቁሩን ፍሬ ማን አርቆ ይተፋል እያልን ስንፎካከር ሜዳችን የዳቻቱ አሸዋ ነበር። ክረምት ላይ ደግሞ ቲን ይደርሳል፤ የመሀል አገር ሰው በለስ የሚለው። ሻጩ በቢላዋ ይልጣል፣ እኛ እንውጣለን!

ድሬ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ የመኑም፣ ህንዱም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም ከነሙያው ሰፍሮባታል። ሐልዋው፣ ሙሸበኩ፣ ባጂያው ለእኛ የባዕድ ምግብ አልነበረም፤ ከእንጀራ እኩል አፋችንን የፈታንበት ነው። ከሁሉም ከሁሉም ፈጢራ! ሰውየው ድቡልቡሉን ሊጥ ዘይት የጠጣ ጠረጴዛ ላይ ጠፍ ጠፍ ያደርገዋል፣ ይጎትተዋል፣ ያሽከረክረዋል፤ እንደ ነጠላ ሲሳሳ እንቁላሉን መሀሉ ላይ አፍስሶ አራቱንም ጠርዝ ያጥፍና ብረት ምጣዱ ላይ ጣል! ቆራርጦ ማር ሲያፈስበት የትምህርት ቤቱን ደወል ማን ይሰማል?

አዲስ አበባ ለትምህርት ስመጣ "ፈጢራ የት ይገኛል?" ብዬ ዶርሙን አስገረምኩት። "እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉኝ። የዳባቱ ልጅ በበኩሉ ኮረፌ ናፈቀኝ አለ፤ የሸዋው "ጉሽ ጠላ በለው" ቢለው ጉድ ፈላ! ገብሱን፣ ጌሾውን፣ አጠማመቁን እየዘረዘረ እስከ እኩለ ሌሊት ተሟገተልን። ስንት የማናውቀው ጣዕም በአንድ ሌሊት ሰማን፤ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር!

ዛሬ አዲስ አበባ ቁርስ ቤት ገብቼ "አንድ ፈጢራ" ስል አስተናጋጇ መልሳ የምትጠይቀኝ "በማር ይሁን?" ብላ ነው። ባቅፋት ደስ ይለኛል! የድሬ ጠዋት ተራራውን ወጥቶ እዚህ ድረስ መጣ ማለት ነው። የዳባቱ ወዳጄም ቅዳሜ ጠዋት እየደወለ "አቦ፣ ፈጢራ አንበላም?" ይለኛል፤ "አቦ"ውን ሳይቀር ወስዶብኛል። እኔም ለጥምቀት ጎንደር ከወረድኩ ጉሽም ጠላም አልልም፤ ገና በሩ ላይ ቆሜ "ኮረፌ ቅዱልኝ!" ነው።