ጋላፊ ላይ «ምን ይዘሃል?» ሲባል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ አልፎ ጅቡቲ የሚገባው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከአዋሽ ወዲያ ያለውን ክፍል አብዛኞቻችን በዓይናችን አላየነውም። ጓዳችን ግን ያውቀዋል። የምግብ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ የልጅ ልጅ የሚጫማው ጫማ፣ ለቤት መሥሪያ የተገዛው ብረት፣ ገበሬው በክረምት የሚበትነው ማዳበሪያ፣ ብዙው በዚሁ መንገድ በከባድ መኪና ተጭኖ የመጣ ነው። ከሀገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በድሬዳዋና በደወሌ በኩል ቢያግዝም፣ የሸክሙ ትልቁ ክፍል አሁንም የሾፌሮች ነው።

ጋላፊ በአፋር ክልል ድንበሩ ላይ ያለች የጉምሩክ ጣቢያ ናት። ከተማ ብሎ ለመጥራት ይከብዳል። ከሠመራ ተነሥቼ ስደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ጥላ የሚባል ነገር ያለው በተሳቢ ሥር ብቻ ነው። ፍየሎቹም ሾፌሮቹም እሱኑ ይሻማሉ። ሰሌን አንጥፎ የተኛ አለ፣ ረዳቱ ሻይ የሚያፈላለት አለ፣ ጎማውን በእግሩ እየመታ የሚዞር አለ። ከጅቡቲ የሚመጡት በሸራ የተሸፈኑና ኮንቴይነር የጫኑ ናቸው፤ ነዳጅ የሚያመላልሱት ቦቴዎች ለብቻቸው ይቆማሉ። አሮጌዎቹ ሾፌሮች በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ እዚህ ለምርመራ ተሰልፈው ያሳለፉትን ያነሣሉ። «ሀገር በሩን ሲዘጋ እኛ መንገድ ላይ ነበርን» አለኝ አንዱ፣ ያለ ምንም ኩራት።

ስመለስ የተሳፈርኩት በእሱው መኪና ጋቢና ነው። ስሙን አልጽፍም። ጋሼ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ሦስት ልጆች አድርሰዋል፤ የመጀመሪያዋ ባለፈው ዓመት አያት አድርጋቸዋለች። በዚህ መስመር ሃያ ስድስት ዓመት ነድተዋል። ከመሪው በላይ የማርያም ሥዕል አለ፤ ከወንበራቸው ጀርባ ደግሞ አንድ የላስቲክ ቦርሳ ተንጠልጥሏል። ሥዕሏን በቀን ሁለቴ ይሳለሟታል። ቦርሳውን በየሰዓቱ ይዳስሱታል።

ቦርሳው ውስጥ ያለው ወረቀት ነው። ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የጭነት ሰነድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትራንዚት ዲክላራሲዮን አለ፤ ሾፌሮቹ «ቲ ዋን» ይሉታል። ይህን ወረቀት የሞላው እሳቸው አይደሉም። ትራንዚተር የሚባለው የአስመጪው ወኪል ነው ለጉምሩክ ያሳወቀው። በላዩ የዕቃው ዓይነትና ክብደት፣ የሚደርስበት ቦታ፣ የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ በበሩ ላይ የታሰረው ማሸጊያ ቁጥርና የመኪናው ሰሌዳ ሰፍሯል። ጋላፊ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ እነዚህን ቁጥሮች አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል። ቀረጡ የሚከፈለው እዚህ አይደለም፤ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም ሌላ የተመደበለት ቦታ እስኪደርስ ድረስ የመንግሥት ቀረጥ አብሮት እየተጓዘ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህም ነው በመንገድ ላይ ማሸጊያው ከተነካ ነገሩ ተራ የማይሆነው።

«ውስጡን ያየሁበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው» አሉኝ ጋሼ። «ወረቀቱ የውኃ ፓምፕ ካለ ለእኔ የውኃ ፓምፕ ነው። ሌላ ሆኖ ከተገኘ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው መሪ የያዘው ነው።»

ይህ የሀገራችን ብቻ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር የ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት በአሜሪካ ላይ የሽብር ጥቃት ከደረሰ ወዲህ፣ የታሸገ ኮንቴይነር የሚያስፈራቸው መንግሥታት በዝተዋል። የዓለም ጉምሩክ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የጋራ ማዕቀፍ አጽድቋል፤ ዋናው ሐሳቡ ዕቃው ድንበር ከመድረሱ በፊት መረጃው ይቅደም፣ አጠራጣሪው ቀድሞ ይለይ የሚል ነው። አሜሪካ ሄደው ከባድ መኪና የሚነዱ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ደውላችሁ ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል፤ ከካናዳ ወይም ከሜክሲኮ ጭኖ የሚገባ ሾፌር የጫነውን ዝርዝር ድንበሩ ላይ ከመድረሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ በኮምፒውተር ማስታወቅ ግዴታው ነው። እኛም ዘንድ ወረቀቱ እየቀነሰ ነው። ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችን ከጉምሩክ ጋር የሚያገናኘው የኤሌክትሮኒክስ የአንድ መስኮት አገልግሎት በ2012 ዓ.ም. ተጀምሯል። አንዳንዱ ኮንቴይነር በር ላይም የትና መቼ እንደተከፈተ ለማዕከል የሚያሳብቅ የኤሌክትሮኒክ ማሸጊያ ይታሰራል። ጋሼ መሣሪያውን አይጠሉትም። «ይመሰክርልኛል» ይሉታል።

ከጋላፊ እንደተነሣን ብዙም ሳንርቅ ዲቾቶ ደረስን። እዚህ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንደኛው እኛ የመጣንበት ሲሆን ሌላኛው በማንዳና በቡሬ አድርጎ አሰብ የሚወርደው ነው። የአያቶች ዕድሜ ላይ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ጎረቤት ያለ ሾፌር «አሰብ ወርዶ ነው» ይባል ነበር እንጂ ጅቡቲን ማን ያነሣ ነበር? በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ያ ሁሉ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጋሼ ሥራ የጀመሩት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። የአሰቡን መገንጠያ ሲያልፉ ጥሩምባ አንዴ ይነፋሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «አስተማሪዬ ይነፋ ነበር» ብለው ዝም አሉ።

ዶቢ የሚባለው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ግን ዝም ብለው መንዳት አልቻሉም። ያነሡልኝ የአንድ ወጣት ሾፌር ነገር ነው። ጅቡቲ ውስጥ የሚያውቀው ሰው «ለእናቴ አድርስልኝ» ብሎ የተሰፋ ሻንጣ ይሰጠዋል። ልብስና የልጅ ወተት ነው ይለዋል። ልጁ ሻንጣውን ከወንበሩ ጀርባ ያስቀምጠዋል። አንድ ኬላ ላይ ሲፈተሽ ከልብሱ ሥር የተደረደሩ የእጅ ስልኮች ይወጣሉ። ኮንቴይነሩ ላይ ምንም ጉድለት አልነበረም፤ ማሸጊያው እንደታሰረ ነው፤ ወረቀቱም ልክ ነው። ነገር ግን ስልኮቹ በየትኛውም ወረቀት ላይ የሉም። መኪናው ተያዘ፣ ልጁም ተያዘ። መኪናው የእሱ አልነበረም፤ ባለቤቱ ሌላ ሾፌር ቀጠረ። እናቱ ከወሎ ተነሥተው ያንን የላከውን ሰው ፍለጋ ስንት ወር እንደተንከራተቱ ጋሼ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ።

ሕጉ ጥብቅ ነው። በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ኮንትሮባንድ በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል፤ ማጓጓዣውም ሊወረስ ይችላል። ለሾፌሩ ዳኛ ፊት «አላውቅም ነበር» ማለት ቀላል መከላከያ አይደለም፤ ጋቢናው የእሱ ቤት ነዋ።

የሚከብደው ግን ሕጉ አይመስለኝም። የሚከብደው እኛ ነን። በባህላችን አደራ እምቢ ማለት ነውር ነው። ሾፌሩ ጅቡቲ ሲደርስ የሀገር ልጅ ይከበዋል፤ አንዱ ለእናቱ፣ አንዷ ለልጇ፣ አንዱ ለሠርግ። እምቢ ቢል «ኮራ» ይባላል። እዚህም ያለነው ወላጆች «እሱ እኮ ይመላለሳል፣ ምናለበት» እያልን ስልኩን ለዘመድ እንሰጣለን። የሃያ ስድስት ዓመት ሥራን በአንድ ሻንጣ እንደምናስይዝ አይታየንም። ጋሼ አሁን አንድ ደንብ አላቸው፤ የተሰፋና የታሰረ ነገር ከማንም አይቀበሉም፣ ከእህታቸውም ቢሆን። ድንበር የሚሻገር ዕቃ ከሆነ ደግሞ ፈትተው ቢያሳዩአቸውም አይወስዱትም፤ በሕጋዊ መንገድ ይላክ ይላሉ። በዚህ የተቀየሟቸው ዘመዶች አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ መቀየም የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ።

ስለ መጠየቅና ስለ መመለስ ካነሣን፣ ይህ ሀገር የራሱ ሥርዓት አለው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ሁሉም በዚህ ይታወቃል። ያላየውን አየሁ ብሎ ዳጉ ያበላሸ ሰው ተዓማኒነቱን ያጣል፤ በጎሳውም ዘንድ ያስጠይቀዋል። ሰርዶ አጠገብ ቆመን ሳለ ግመል የሚነዳ ሽማግሌ መጥቶ ጋሼን በአፋርኛ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም በተሰባበረ አፋርኛ ጥያቄውን ሁሉ መለሱለት። ስንት መኪና ድንበሩ ላይ እንደቆመ እንኳ ነገሩት። ከጋላፊው ተቆጣጣሪ ጋር ካደረጉት ንግግር ይኼኛው ይረዝም ነበር።

ሠመራን አልፈን ሎግያ ስንደርስ መሽቷል። ሙቀቱ ግን አልመሸም። ጋሼ ሁልጊዜ ሻይ የሚጠጡባት ሴት ቤት ገባን። ሴትየዋ ከወልዲያ የመጡ ናቸው፤ ልጃቸው አዳማ ትማራለች። እራት ከበላን በኋላ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው መጡ። ከመስጠታቸው በፊት ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ ፈቱትና በእጃቸው በተኑት። የአፋምቦ ተምር ነው። «እይልኝ ጋሼ፣ ሌላ የለበትም» አሉና መልሰው ቋጠሩት። ጋሼም ከወንበሩ ጀርባ አላስቀመጡትም፤ ከመስታወቱ ሥር፣ ሰው የሚያየው ቦታ ላይ አደረጉት።

ሚሌ የጉምሩክ ጣቢያ የደረስነው ሌሊት ነው። ወጣቱ ተቆጣጣሪ በባትሪ የማሸጊያውን ቁጥር አነበበ፣ ወረቀቱን አመሳከረ፣ ከዚያ መብራቱን ወደ ጋቢናው አዞረ።

«እዚህስ ምን ይዘሃል?»

«ተምር። ሁለት ኪሎ ይሆናል። ከሎግያ ነው፣ አዳማ ለምትማር ልጅ» አሉ ጋሼ፣ ቋጠሮውን እየፈቱ።