በሶር ደን ውስጥ ቋጥኝ ስለ መውጣትና ስለ መውረድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በበደሌ በኩል ወደ ኢሉባቦር የሚሄድ መንገደኛ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ መቱ ከተማ ይደርሳል። በመንገዱ ላይ የሚያገኘው የያዩ ደን፥ ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፎች ጥላ ሥር በገዛ እጁ የሚበቅልበት በመሆኑ፥ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ከመቱ በስተ ደቡብ ደግሞ ጎሬ አለች። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረች፥ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜም በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራው መንግሥት የቆየባት ታሪካዊ ከተማ ናት። ዛሬ ግን ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ ያሰብነው ስለ ከተሞቹ ሳይሆን፥ በሶር ፏፏቴ ደን ውስጥ ስላገኘነው ትምህርት ነው።

በታኅሣሥ ወር፥ የቡና ለቀማ በሚደረግበት ጊዜ፥ ከቤተ ሰባችን ጋር ከመቱ ወደ በቾ መንደር ሄድን። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው። አንድ ሰዓት ያህል በቀረሮና በዋንዛ ጥላ ሥር ስንጓዝ፥ ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን እያወናጨፉ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘሉ ነበር። የውሃው ድምፅ ቀድሞ ተሰማን፤ ኋላም የሶር ወንዝ ከ20 ሜትር ያህል ከፍታ በጥቁሩ ገደል ላይ ሲወረወር አየነው። ይህ ወንዝ ከገባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ወደ ባሮ የሚገባ ነው።

የ11 ዓመት ልጃችን ግን ውሃውን ጥቂት ካየ በኋላ ዓይኑን በድንጋዮቹ ላይ ጣለ፤ ወዲያውም ፏፏቴው በሚረጨው ቋጥኝ ላይ ሊወጣ ተነሣ። መንገድ ይመሩን የነበሩት ሽማግሌ በረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ እየሰቀሉ ማር በመቍረጥ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሰው ናቸው። እርሳቸውም የልጁን ክንድ ይዘው፥ ሽበት ያወጣ ድንጋይ ወዳጅ እንዳልሆነ ነገሩት፤ ሽበት ያሉት በእርጥቡ ድንጋይ ላይ የበቀለውን ሽበት መሰል ዝልግልግ ነገር ነው። ነገር ግን አልከለከሉትም። ከውሃው ርቆ በመንገዱ ዳር የነበረ፥ ከሰው ቁመት ጥቂት የሚበልጥ ደረቅ ቋጥኝ መርጠው፥ ከሥሩ ያለውን ጠጠርና ጉቶ አንሥተው ቅጠል ከመሩበት።

ልጁም እየቧጠጠ በፍጥነት ወጣ። ከላይ ሆኖ ግን ቁልቁል ባየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ፤ ለመውረድም እግሩን የሚያሳርፍበት ጠፋው። እናቱ ጮኸች፤ እኛም ልናወርደው ሮጥን። ሽማግሌው ግን በእጃቸው ገቱንና፥ ልጁ ፊቱን ወደ ድንጋዩ እንዲያዞር፥ ከሁለት እጁና ከሁለት እግሩም ሦስቱ ሳይጸኑ አራተኛውን እንዳያነሣ በዝግታ ነገሩት። ቀኝ እግሩ መርገጫ አገኘ፤ ቀጥሎም ግራው። መሬት በደረሰ ጊዜ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽማግሌው አሁን ድጋሚ እንዲወጣ አዘዙት፤ በዚህ ጊዜ ግን ከመውጣቱ በፊት የሚወርድበትን መንገድ እንዲያሳያቸው ጠየቁት።

ይህ ጨዋታ በሌላው ዓለም የታወቀ ስፖርት ነው። በፈረንሳይ አገር ከፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው በፎንቴንብሎ ዱር ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ገመድ በአጫጭር ቋጥኞች ላይ ሲለማመዱ ኖረዋል፤ ዛሬም ከሥራቸው ወፍራም ፍራሽ አንጥፈው ይወጣሉ። በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው ኦሊምፒክም ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድሮቹ ተቈጥሯል። ለአገራችን ግን ቋጥኝ መውጣት እንግዳ አይደለም፤ በገርዓልታ ያሉ ካህናት ወደ አቡነ የማታ ቤተ ክርስቲያን በባዶ እግራቸው ገደል ቧጥጠው ይወጣሉ፤ ወደ ደብረ ዳሞ የሚሄዱትም 15 ሜትር ያህል በጠፍር ገመድ ይሳባሉ።

ስለዚህ ወላጆች ልጆቻችንን ከድንጋይ ሁሉ ብናርቃቸው፥ ሳናያቸው የከፋውን መርጠው እንደሚወጡ ልናስብ ይገባናል። ይልቁንስ ደረቅና አጭር የሆነውን እንምረጥላቸው፤ ማረፊያውን እናጽዳላቸው፤ ከሥር ቆመን እንጠብቃቸው። ደግሞም መንገዱ ደስ የሚያሰኘው ደኑ በመቆሙ ነውና፥ ሐረግ መቍረጥና ቅርፊት መላጥ እንደማይገባ ከዚያው ላይ እናስተምራቸው።

ወደ መቱ ስንመለስ ልጃችን ብዙ አልተናገረም። ማታ ግን፥ በሥራችን ብዙ መውጫ ፈልገን መውረጃውን ላላሰብን ለእኛ፥ ሽማግሌው የጠየቁትን ጥያቄ መልሶ ጠየቀን፤ እኛም ቶሎ የምንመልሰው አላገኘንም።