አሞሌና የበረዶ መንገድ

በረዷማ መንገድ ላይ ጨው የሚበተነው ውሃ የሚረጋበትን የቅዝቃዜ መጠን ዝቅ ስለሚያደርግ ነው። ንጹሕ ውሃ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በረዶ ይሆናል፤ 23 በመቶ ጨው ያለበት ውሃ ግን ብርዱ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ እስኪደርስ አይረጋም። መንገድ ላይ ሲሆን ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ተራ ጨው ሥራው በጣም ይዘገያል። ያኔ ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመራል ወይም አሸዋ ይበተናል። አሸዋ በረዶ አያቀልጥም፤ ጎማና እግር እንዳይንሸራተት ይይዛል እንጂ።

በሰሜን ኢትዮጵያ በዋግ ያለችው ቆላማዋ የኒሯቅ ከተማ እንዲህ ያለ የበረዶ ችግር የለባትም። የዋግ መንገድና የጨው ትውውቅ ሌላ ነው፤ ከአፋር ረባዳ ምድር ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ ጨው በአጋሰስ ተጭኖ የዋግ ከተማ ሰቆጣ ገበያ ይደርስ ነበር። እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስም በገንዘብነት አገልግሏል። ያ ውድ ዕቃ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካ ግዛት ሚኒሶታ በብርዱ ወራት አስፋልት ላይ በገፍ ይፈስሳል።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የመኪናን አካል ይበላል፣ የድልድይን ብረት ያዝጋል፣ በመንገድ ዳር ያለውን ተክል ያደርቃል። ከሁሉ የሚከፋው ውሃ ላይ የሚያደርሰው ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ ጨዉ ወንዝና ሐይቅ ይገባል፣ ክሎራይዱም በጊዜ ብዛት በስብሶ አይጠፋም። ውሃ ፍለጋ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የዋግ ሰው ይህን አቅልሎ ሊያየው አይገባም። በብርድ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ በረዶውን መጀመሪያ በአካፋ ጥረጉ፤ ጨዉን በስሱ በትኑ፤ ብርዱ ሲጠና አሸዋ ተጠቀሙ።